ሰላጣው ሳይበላ ጀርሙን ማወቅ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በሰሜን ጀርመን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸውና ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ሆስፒታሎችን አጨናነቁ። የሐምቡርግ የጤና ባለሥልጣናት ከስፔን በመጣ ኪያር ላይ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ መገኘቱን ተናገሩ፤ የስፔን ገበሬዎች ምርትም ገዥ አጥቶ ተጣለ። ሲጣራ ኪያሩ ላይ የነበረው ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ያመጣው ጥሬውን የሚበላ የአብሽ ቡቃያ ነበር። ወረርሽኙ ሲያበቃ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተው፣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ታመው ነበር።

ጎመን ይቀቀላል፤ ሰላጣና ቡቃያ ግን እሳት አያያቸውም። ማጠብ ይረዳል እንጂ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በተቆረጠው ጠርዝ የተሸሸገውን ባክቴሪያ ጨርሶ አያስወግድም። የተለመደው የካልቸር (ባክቴሪያን አራብቶ የመለየት) ምርመራ ውጤት ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰላጣው እስከዚያ ተበልቷል።

ባዮሴንሰር ይህን ጊዜ ወደ ሰዓታት ለማሳጠር የታሰበ መሣሪያ ነው። መሠረቱን አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ግሉኮስ በሚለካ ኤሌክትሮድ እ.ኤ.አ. በ1962 ጣለ፤ የስኳር ሕሙማን ጣታቸውን ወግተው የሚለኩበት መሣሪያም የዚሁ ዘር ነው። በአንድ ወገኑ የተፈለገውን ባክቴሪያ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ የዘረመል ቁራጭ ወይም ባክቴሪያ አጥቂ ቫይረስ ይለጠፋል፤ ሌላው ወገን መያዙን ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ብርሃን ምልክት ይለውጣል።

ፈተናው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ኦ157 የተባለው ኢ. ኮላይ ከ100 ባነሱ ሴሎች እንኳ ሰው ሊያሳምም ይችላል፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ግን በአንድ ሚሊሊትር ሺዎች ካልሆኑ አያዩትም። ስለዚህ ናሙናውን አስቀድሞ ለሰዓታት ማራባት ግድ ይሆናል። የቅጠሉ ጭማቂም ምልክቱን ያደበዝዛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ጀርሙ በማሳው ላይ እኩል አለመበተኑ ነው፤ 25 ግራም ናሙና ንጹሕ ሆኖ ጭነቱ የተበከለ ሊሆን ይችላል።

በእኔ እምነት ሴንሰሩ ከቅጠሉ ይልቅ የመስኖው ውኃ ላይ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ 210 ሰዎችን ያሳመመውና 5 ሰዎችን የገደለው የሮሜይን ሰላጣ ወረርሽኝ ባክቴሪያ በዩማ፣ አሪዞና የመስኖ ቦይ ውኃ ውስጥ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ውስጥም በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ የሚጠጣው የከተማው ፍሳሽ የሚገባበትን ውኃ ነው። እዚያ የሚተከል ሴንሰር ከመስኖው በፊት ያስጠነቅቃል፤ ገበሬው ግን መስኖውን ለማቆም ሌላ ውኃ ማግኘት አለበት፤ ያንን የሚያቀርብለት ደግሞ መሣሪያው ሳይሆን ከተማው ነው።