«ሐሞት ጠጠር ነው» ያልነው

ቀረብ በሉ፤ ጮክ ብዬ የማወራው አይደለም። ቡራዩ ውስጥ የሰፈሬ ሰው የሚያውቀው ሐሞት ጠጠር አስወጥቼ እንደመጣሁ ነው። ዕድርተኛው ይህንኑ ሰምቶ ጠይቆኛል፤ ቡና አጣጮቼም «እግዜር ይማርሽ» ብለውኛል። መጀመሪያ እውነቱን የሚያውቁት ባለቤቴ፣ ታላቅ እህቴና የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ። ያስወጣሁት ጠጠር አልነበረም፤ ጨጓራዬን ነው። ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል።

ሐኪሞቹ «ስሊቭ» ይሉታል፤ እጅጌ ማለት ነው። እንደ ከረጢት ሰፊ የነበረው ጨጓራ ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ይቆረጥና እጅጌ የመሰለ ጠባብ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ቀዶ ሐኪሜ ሊያስረዳኝ ሲል ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቡና ሲኒ አነሳና «ከእንግዲህ ሆድሽ የሚይዘው ሁለት ሲኒ ቢሆን ነው» አለኝ። ሲኒውን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 121 ኪሎ ነበር። አሸዋ ሜዳ ላይ ሚዛን ዘርግቶ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ወጣሁበት። ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ቁጥሩ የሚያልቅበት ጋ ቆመ። ልጁ ብሩን አልቀበልም አለ። «እትዬ፣ ሚዛኑ አልቻለም» አለኝ። በትሕትና ነበር ያለው፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አለቀስኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የሁለት ሰው ክፈይ ያለኝን ቀን አልቆጥረውም። ከባዱ ሌሊቱ ነበር። አንኮራፋለሁ፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ይቆማል፤ ትንፋሼም አብሮ ይቆማል። ያኔ ባለቤቴ ትከሻዬን ይነቀንቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ተኝቼ እሱ ትንፋሼን ሲያዳምጥ አደረ። ስኳሩና ደም ግፊቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። «ለመልኳ ብላ ሆዷን አስቀደደች» የሚል ሰው ቢገጥመኝ የማሳየው የባለቤቴን ዓይን ነው።

ታዲያ ለምን ደበቅሽ ትሉኛላችሁ። አገራችን ረሃብን የምታውቅ አገር ናት። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከልክ በላይ የከሱ፣ 8ቱ ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ እንደነበሩ አሳይቷል። ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ እነዚህ ስምንቱ ሦስት ብቻ ነበሩ። ቁጥራችን እየጨመረ ነው፤ ግን አሁንም ከሃያ ሁለቱ ፊት ቆሞ «መብላት ገደለኝ» ማለት አንገት ያስደፋል። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ «ሞላ ብለሻል» ምርቃት ነው፤ «ከሳሽ» ደግሞ ሐዘኔታ።

ሰው ቢላዋውን ይፈራል እንጂ ዝግጅቱን አያውቀውም። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በአፌ ካሜራ አስገብተው ጨጓራዬን አዩ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንሸከመው ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝና መጀመሪያ እሱ ታከመ። ልብ፣ ሳንባ፣ ደም፣ ሁሉም ተመረመረ። በመጨረሻ ሁለት ሳምንት ያህል ቅባትና እንጀራ የሌለበት፣ አብዛኛው ፈሳሽ የሆነ ምግብ ታዘዘልኝ። ምክንያቱን የነገረችኝ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት፦ የወፍራም ሰው ጉበት ስብ ይዞ ያብጥና ጨጓራውን ይጋርደዋል፤ ካልቀነሰ ሐኪሙ የሚቆርጠውን አያይም። ጊዜው ጥቅምት ነበር። ለጎረቤት «ጽጌን ይዣለሁ» አልኩ። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ማንም ለምን አላለኝም። በጾም ስም መዋሸቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ለንስሐ አባቴ መጀመሪያ የተናዘዝኩት ይህንኑ ነበር።

ስነቃ ያመመኝ ሆዴ አልነበረም፤ ቀኝ ትከሻዬ ነው። «ልቤ ነው» ብዬ ደነገጥኩ። ሲስተሯ እጄን ይዛ፣ ካሜራው ቦታ እንዲያገኝ ሆዴ በጋዝ ተነፍቶ እንደነበር፣ የቀረው ጋዝ ከሳንባ በታች ያለውን ሽፋን ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ እንደሚሰማ ነገረችኝ። ያን ዕለት ማታውኑ አስነስታ ኮሪደሩን አስዞረችኝ። ደም እግር ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው። ውሃ የሰጡኝ በመድኃኒት መለኪያ ነበር፤ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ። ሁሉም የሚፈሩት የተሰፋው መስመር እንዳያፈስ ነው። ትኩሳት ይለኩ ነበር፤ የልብ ምት በየሰዓቱ ይቆጥሩ ነበር። ከሄድኩ በኋላም ልቤ ያለ ምክንያት ቢሮጥ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ተመለሺ ብለውኛል።

ቤት ስገባ ጠያቂ መጣ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ከሁሉም በላይ አምቦ ውሃ። ቡራዩ የአምቦ መንገድ ላይ ናት፤ አምቦ ውሃ ለኛ መድኃኒት ነው። ለኔ ግን ጋዝ ያለበት ነገር ሁሉ ተከልክሎ ነበር። ሁለት ሲኒ በምትይዝ ጨጓራ ውስጥ ጋዙ መሄጃ የለውም። ጠርሙሶቹ አልጋዬ ሥር ተደረደሩ። አንዲት እናት፣ ልጆቼን ያዋለዱኝ ናቸው፣ ጠርሙሱን ከፍተው «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሺ፣ ሆድሽን ያጥበዋል» ሲሉኝ እምቢ ማለት ከኦፕራሲዮኑ በለጠብኝ። እህቴ ደርሳ «ሐኪም ከልክሏል» ባትልልኝ እጠጣው ነበር።

ያቆመኝ አጥሚት ነው። ወላድና በሽተኛ የምናቀምሰው የአጃ አጥሚት፣ ቀጥሎ የዶሮ መረቅ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ምስር። አንዳንዱ ሰው ምግባችን ከውጭ የመጣ ዱቄት ይመስለው ይሆናል፤ የኔ ግን ማጀቴ ውስጥ ነበር። እንጀራ እስኪፈቀድልኝ ብዙ ቆየ፤ በእርጥበት ያብጣልና ጎርሼው ደረቴ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የነቢያት ጾም ሲገባ እንቁላልና ወተት ልተው ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። ለታመመ ሰው እንደ መድኃኒት ነው አሉኝና «ስትድኚ ትጾሚያለሽ» ብለው ባረኩኝ። ይህን ባላገኝ በቀን ይገባሻል የተባልኩትን 60 ግራም ፕሮቲን ከሽሮ ብቻ አልሞላውም ነበር።

አሁን ምስጢሩ ወደሚያስከፍለው ዋጋ ልግባ። ክትትል ወንበር ላይ የተዋወቅን ሦስት ነን። እኔ በአስኮ በኩል፣ አንዲት እህት ከሰበታ በዓለም ገናና በጀሞ፣ አንድ ወንድም ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ እንመጣለን። ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ሦስታችንም የአንድ ከተማ ሰዎች ነን፤ ግን የሚያገናኘን አዲስ አበባ መሃል ያለ አንድ የሆስፒታል ኮሪደር ነው።

የሰበታዋ ሕንድ ሄዳ ነው የተሠራችው። ደላላ ነው የወሰዳት። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ያጠራቀመችው ገንዘብ ዋጋው ወረደባት፤ የቀረውን ዓረብ አገር ያለች እህቷ ሞላችላት። ኦፕራሲዮኑ በደንብ ተሠርቶላት ተመለሰች። ችግሩ የመጣው ከተመለሰች በኋላ ነው። በአራተኛው ሳምንት ማስመለስ ጀመራት። ሰፈሯ ካለ ክሊኒክ ሄደች። «ምን ኦፕራሲዮን ነው?» ሲሏት እሷም «ሐሞት ጠጠር» አለች። ሐኪሙ ምን ያድርግ? በካሜራ የሚወጣ ሐሞትም ትንንሽ ጠባሳ ነው የሚተወው፤ ከኛ ጋር ይመሳሰላል። አመናት። ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ጻፈላት፤ ለሕመሟ ዳይክሎፌናክ ወጋት። ከዚያ እግሯ ደነዘዘ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታያት፣ ቆማ መሄድ አቃታት። ቤተሰቧ ጠበል ሊወስዳት ተዘጋጅቶ ነበር። ሌላ ሐኪም አልትራሳውንድ አነሳት። ሐሞት ከረጢቷ በቦታው አለ።

ያን ጊዜ አለቀሰችና ተናገረች። በማስመለሱ ብዛት ቫይታሚን ቢ 1 ከሰውነቷ አልቆ ነበር፤ ነርቭ የሚጎዳው እሱ ነው። በመርፌ ሲሰጣት ዓይኗ በቀናት ተመለሰ፤ እግሯ ግን ወራት ፈጀ። እኔ ሳገኛት ክራንች ይዛ ነበር። ታሪኳን ስትነግረኝ እኔም ያንኑ ውሸት እንደዋሸሁ አልነገርኳትም። አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በሳምንቱ ሰፈሬ ካለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርዴ ላይ እውነቱን አስጻፍኩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደማይሰጠኝ አብሮ ተጽፏል፤ ቁስለት ያመጣሉና፣ በተለይ ባይፓስ ለተሠራ ሰው።

የሱሉልታው ወንድማችን ባይፓስ ነው የተሠራው፤ ጨጓራው ጠቦ አንጀቱም መንገድ ተቀይሮለታል። የወተት ከብት አርቢ ነው፤ ስኳር በሽታው ኢንሱሊን ላይ አድርሶት ነበር። ፈርቶ እምቢ ሲል ሐኪሙ «ማራዶናም ኮሎምቢያ ሄዶ ተሠርቷል» አለው። እውነት ነው፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ካርታሄና ከተማ። ኳስ ወዳጅ ነውና ይህ አስወሰነው። ማራዶና ከዚያ በኋላም ከክብደቱ ጋር ሲታገል እንደኖረ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ኦፕራሲዮኑ የሰጠን ጊዜ ነው እንጂ ሥልጣን አይደለም፣ ክብደት ይመለሳል። እሱ ኢንሱሊኑን በሐኪም ትእዛዝ አቁሟል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ሲጠጣ ግን ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይመታል፣ መተኛት አለበት። ግማሽ ብርሌ ጠጅ ራሱ ላይ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት አትሌቶቹ በሚሮጡበት የሱሉልታ ሜዳ ዳር ይራመዳል። እነሱ አልፈውት ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ እጃቸውን ያነሱለታል፤ ይህን ሲያወራ ፊቱ ይበራል።

ስለ ፀጉሬ ሳልነግራችሁ አልለፍ። በአራተኛው ወር ሹሩባ ሊሠሩኝ ሲሉ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ይመለሳል ተብያለሁ፣ ተመልሷልም፤ ያን ጊዜ ግን በነጠላ ሸፈንኩት። ሰፈር ማንሾካሾክ የጀመረውም ያኔ ነው። የኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ከሳች፣ ፀጉሯ ረገፈ» የሚለው ወሬ በዘጠናዎቹ ምን ማለት እንደነበር ያውቃል። ያ የኤች አይ ቪ ዘመን ከሰው አእምሮ አልወጣም። ባለቤቴን ገለል አድርገው «ተመርመር» ያሉት ሰዎች አሉ። አልተቀየምኳቸውም። እውነቱን የነፈግኳቸው እኔ ነኝ፤ ባዶውን እነሱ ሞሉት።

አሁን 83 ኪሎ ነኝ። ሆዴና ክንዴ ላይ ቆዳው ተንጠልጥሏል። ቢ 12 እወጋለሁ፣ ብረትና ሌላ ቫይታሚን እወስዳለሁ፤ ይህ ለዕድሜ ልክ ነው። ወጣቶች ብትሆኑ ደግሞ ይህን በጆሯችሁ ልበላችሁ፦ ክብደት ሲወርድ ማኅፀን ይነቃል፤ ሐኪሞቹ ግን ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ይቆይ ይላሉ። ለዓመታት ልጅ አጥታ የኖረች ሴት መከላከያ አስፈልጎኛል ብላ አታስብም። ባለቤቴ አሁን ሌሊት ይተኛል። እኔ ነኝ አንዳንዴ ነቅቼ የእሱን ትንፋሽ የማዳምጠው።

ባለፈው ሳምንት፣ ሲመሻሽ፣ ጎረቤቴ በሩን ቆረቆረች። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የነበረኝን ሰውነት የምታህል ሴት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገቱን ስትወጣ ሁለቴ ትቆማለች። ቡና አልጠጣም አለች፣ አልቀመጥም አለች። ከዚያ ተቀመጠች። «ያ ሐሞት ጠጠር ያወጡልሽ ሆስፒታል» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ «የት ነበር?»

ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ቀሚሴን ከፍ አድርጌ አምስቱንም ጠባሳ አሳየኋት።