ተጨማሪ መረጃ፦ ትንፋሽ መቁጠር ምን ይነግረናል?

በቡና እርሻ በተከበበችው ሊሙ ገነት ሆስፒታል አለ፤ ሕመሙ ለጠናበት ሰው ግን ወደ ጅማ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ማን አሁኑኑ ይሂድ? ማንስ እዚሁ ይታከም?

ለዚህ ተመራማሪዎች የነጥብ መለኪያዎችን ሠርተዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው አፓቼ 2 በ12 የሰውነት ልኬቶች፣ በዕድሜና ሥር በሰደደ ሕመም ላይ ተመሥርቶ የመሞት ዕድልን ይገምታል፤ ችግሩ የደም ጋዝ ምርመራ ጭምር መጠየቁ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኪውሶፋ ላቦራቶሪ አይፈልግም፦ ትንፋሽ በደቂቃ 22 ወይም በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 ወይም በታች፣ የንቃተ ኅሊና መዛባት። ኢንፌክሽን በተጠረጠረበት ታካሚ ላይ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ነርሷ ዓይኗን ከሰዓቷ ወደ ታካሚው ደረት እያመላለሰች ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። (ሳይቆጠር በግምት «20» ተብሎ ከተጻፈ ቀመሩ ሁሉ ከንቱ ነው።)

ኪውሶፋ የተቀመረው በአሜሪካ ታካሚዎች መረጃ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ዩቪኤ የተባለ መለኪያ ግን ከ6 የአፍሪካ አገሮች ሆስፒታሎች በተገኘ መረጃ ተሠርቶ የኤችአይቪ ሁኔታንም ነጥብ ይሰጠዋል። ከስድስቱ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ስለዚህ ለጅማና ለሊሙ ታካሚዎች ምን ያህል በትክክል እንደሚተነብይ እዚሁ መፈተሽ ይኖርበታል።