የራስ ቁራችሁ እንዴት ነው?



ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ የመዳንን ራስ ቁር እንድንይዝ ያዘናል። ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነበር፤ የሮም ወታደር የሚያደርገውን ሰው አልነገረውም፣ በዓይኑ አይቶታል። ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ፣ ጉንጭ የሚሸፍን፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ነበር። እኛ ላምበረት ላይ ሄልሜት እንለዋለን፤ ሞተረኛውም ግንበኛውም ያደርገዋል። ዛሬ ግን ስለ እሳት አደጋ ሠራተኛው ሄልሜት ልንገራችሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ እኛ ለጸሎት ስንቆም ወደ እሳቱ የሄዱት እነሱ ናቸው።

አንዳንዱ አማኝ «በኢየሱስ ደም ተሸፍኛለሁ፣ ሄልሜት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። አሜን፣ ተሸፍነሃል። ነገር ግን በዘዳግም 22 እግዚአብሔር ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዟል፤ ሰው ወድቆ እንዳይሞትበት። መከታ መሥራት መታዘዝ ከሆነ፣ መከታውን መንከባከብስ?

እንግዲህ ስለ ጥላሸቱ። የጠቆረ ሄልሜት የጀግንነት ምልክት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፣ መርዝ ነው! ፕላስቲክ፣ ስፖንጅና ቀለም ሲቃጠል የሚወጣው ነገር እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲያልበው በግንባሩና በአንገቱ ቆዳ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ራሱን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። ስለዚህ እህቴ፣ ባልሽ ሄልሜቱን ቤት ይዞ ከመጣ አልጋ ሥር አይቀመጥ፤ ልጆች አይጫወቱበት፤ የውስጡ ጨርቅም ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ።

አጠባቡ ቀላል ነው። ከእሳቱ እንደወጡ፣ ጥላሸቱ ሳይደርቅ፣ በውኃ ማለቅለቅ። ቀጥሎ ጓንት አድርጎ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ። በረኪና፣ ቤንዚንና ቲነር አይድረሱበት፤ ላዩን አሳምረው ውስጡን ያደክሙታል። የላብ መምጠጫውና የአንገት መሸፈኛው ተፈትተው ለብቻቸው ይታጠባሉ። የፊት መከለያው በደረቁ አይታሽ፣ ይጫራል። ማድረቁ በጥላ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የአዲስ አበባ ፀሐይ ፕላስቲክ ትጎዳለች። በመኪና መስታወት ሥር ጥሎ መሄድም ያው ነው።

ስቲከርስ? ጥቅስም ቢሆን አትለጥፉበት። ሙጫው ቅርፊቱን ሊጎዳ፣ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅም ሊሸፍን ይችላል። ጥቅሱ በልብ ይያዝ።

ከባድ ነገር የወደቀበት ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ከሥራ ይወጣል፤ ምቱን የሚውጠው የውስጡ ክፍል ከተጨፈለቀ እንደ ቀድሞው አያገለግልም። ያበጠ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ የአገጭ ማሰሪያው የላላም እንዲሁ ይመርመር። የተሠራበት ቀን ውስጡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በአሜሪካኖቹ ደንብ ከዚያ ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ከሞላው፣ አዲስ ቢመስልም፣ ያበቃለታል።

አሁን ወደ ቃሉ ልመልሳችሁ። በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥8 ጳውሎስ ይህንኑ ራስ ቁር የመዳን ተስፋ ይለዋል። ተስፋ የሚጠብቀው አሳባችንን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወንድማችን ሌሊት ያየውን፣ ያወጣውን ሬሳ፣ ያልደረሰለትን ልጅ፣ በጭንቅላቱ ተሸክሞ እሑድ ከጎናችን ይቀመጣል። «እንዴት ነህ?» ስንለው «ጌታ ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ያም ጥላሸት ነው፣ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ ይከብዳል። አምልኮ ሲያበቃ ሻይ ጋብዙት። እጅ ለመጫን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይናገር፣ እናንተ አድምጡ፣ ከዚያ አብራችሁት ጸልዩ። እንቅልፍ እንቢ ካለው ደግሞ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ፤ ሐኪም ማየት ከእምነት ማነስ አይቆጠርም።

እሳት ባያችሁ ጊዜ የምትደውሉት ቁጥር 939 ነው።