የእጅ ሰዓት ስለ ልብ ምት የሚሰጠው ምስክርነት

ሆላንዳዊው ሊቅ ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ አጥርቶ የሚጽፍ መሣሪያ በላይደን ከተማ በሠራ ጊዜ፥ መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማሠራትም አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በሽተኛውም ሁለት እጁንና አንድ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህም ሥራው በ1924 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ያ ሁሉ ዕቃ ዛሬ በከፊል ወደ እጅ አንጓ ወርዷል። በከፊል መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሐኪም ቤት ያለው መሣሪያ ልብን ከ12 አቅጣጫ ሲመለከት፥ ሰዓቱ የሚመለከተው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነውና።

ሰዓቱ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፥ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቈዳ እየላከ የደሙን መምጣትና መሄድ መቍጠር ነው፤ ይህንንም ባለቤቱ ሳያስበው ይፈጽመዋል። ሁለተኛው፥ ሰውዬው የሌላውን እጁን ጣት በሰዓቱ ላይ አኑሮ ለ30 ሴኮንድ ጸጥ ሲል የልቡን ኤሌክትሪክ በመስመር መጻፍ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ ለዚህ ከአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያገኘው በ2018 ዓ.ም. ነው።

በዚህ የሚፈለገው በሽታ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የልብ የላይኛው ክፍሎች ያለ ሥርዐት ሲንቀጠቀጡ ደም በዚያ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ወደ አንጎል የሄደ እንደ ሆነ ሰውን ሽባ ያደርጋል ወይም ይገድላል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በዚህ አደጋ የሚያዝበት ዕድል ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ክፋቱም መጥቶ መሄዱ ነው፤ ሌሊት ያስጨነቀው ልብ፥ በማግሥቱ በሐኪም ፊት ሲመረመር ደኅና ሆኖ ይገኛል። የሰዓቱ ጥቅም እንግዲህ በሽታው በመጣበት ሰዓት በስፍራው መገኘቱ ነው።

በ2019 ዓ.ም. በታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምርመራ፥ ከ419,297 ሰዎች ውስጥ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 2,161 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ሌላ መመዝገቢያ በደረታቸው ላይ ለጥፈው ከመለሱት 450 ሰዎች በሽታው የተገኘው ከመቶ በ34ቱ ነው። ቍጥሩ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን መመዝገቢያው የተለጠፈው ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስለ ሆነ፥ የቀሩት ሁሉ በሐሰት ተጠርተዋል ማለት አይደለም።

በዴንማርክ የተደረገውና በ2021 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ ግን የበለጠ ያሳስባል። ከ70 እስከ 90 ዓመት ለሆናቸው ሽማግሎችና አሮጊቶች መመዝገቢያ ከቈዳቸው በታች ቢደረግ፥ በሽታው ከመቶ በ31.8ቱ ተገኘ፤ መመዝገቢያ ካልተደረገላቸው ግን የተገኘው በ12.2ቱ ነው። ሆኖም የአንጎሉ አደጋ በሚታመን መጠን አልቀነሰም። ደም የሚያቀጥነው መድኀኒት ደግሞ ራሱ ደም ሊያፈስስ የሚችል ስለ ሆነ፥ ሰዓት ስለ ተናገረ ብቻ መድኀኒት መዋጥ አይገባም።

ሌላም ስሕተት አለ። ሰዓቱ የልብ ድካምን ድንገተኛ አደጋ፥ ማለት የልብ ደም ሥር መዘጋትን፥ አያውቅም። ደረቱን የወጋው ሰው ሰዓቱ «ደኅና ነው» ስላለው ተኝቶ ቢጠብቅ ሕይወቱን ያጣል።

ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ተቀምጦ፥ ክንዱን በጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፥ የሰዓቱን ማሰሪያ አጥብቆ መስመሩን ያስጽፍ፤ ቀኑንና የተሰማውንም ጨምሮ ለሐኪም ያሳይ። በ2020 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ፥ 30 ሴኮንድ የሞላውን የአንድ አቅጣጫ መስመር ሐኪም አንብቦ ካረጋገጠው፥ በሽታውን ለመወሰን በቂ ማስረጃ አድርጎ ይቀበለዋል።