የመጀመሪያው ኬሞ፣ ከጁባ ለሚመጣ ሰው

ጁባ ላይ ትኩሳት ሲመጣ ስሙ ወባ ነው። ጎረቤት ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ፋርማሲው ኮአርቴም ያቀብላል፣ ሰውዬውም ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ኬሞቴራፒ የጀመረ ሰው ግን በዚሁ ልማድ ከቀጠለ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሰው ሁሉ የሚፈራው መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ቀን ነው፤ እኔ የምሰጋው ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ነው።

ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህም ብዙ የካንሰር ሕመምተኞቿ የሚታከሙት ድንበር ተሻግረው ነው። ካርቱም አንዱ መንገድ ነበር፤ በ2023 የፈነዳው ጦርነት እሱን ዘጋው። አቅም ያለው ናይሮቢ ወይም ካይሮ ይሄዳል፣ ሌላው በኒሙሌ በኩል በመኪና ካምፓላ ይገባል። ጁባ ውስጥ ሆቴል፣ ሱቅ ወይም የውሃ ቦቴ ይዘው የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ፊታቸውን ወደ አገር ቤት ያዞራሉ። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ኮኞ ኮኞ ገበያ አካባቢ ምግብ ቤት ያላት፣ የጡት ካንሰር የተገኘባት አንዲት እህት እናስብ። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ብትሄድ፣ ቀኑ የሚጀምረው በመርፌ ሳይሆን በወረፋ ነው። ደሟ ይመረመራል፤ ነጭ የደም ሴሎቿ ካነሱ ሐኪሙ ቀጠሮውን ያራዝመዋል። ከዚያ ትመዘናለች፣ ቁመቷም ይለካል። ይህን ብዙ ሰው ለወጉ ያህል የሚደረግ ይመስለዋል፤ የኬሞ መጠን ግን የሚሰላው ከክብደትና ከቁመት በሚገኘው የሰውነት ስፋት ነው። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህንኑ ለሐኪሟ መናገር ያለባት አሁን፣ አንድም ጠብታ ሳይገባ በፊት ነው።

ከጁባ ሙቀት ለመጣ ሰው አዲስ አበባ ትቀዘቅዛለች፤ ክንድ ላይ ፈሳሽ እየገባ ለሰዓታት ሲቀመጡ ደግሞ ይብሳል። ጋቢ ይዞ መሄድ ነው። ነርሷ ክንዷን አስራ ደም ሥር ትፈልግና ካኑላ ትሰካለች። መጀመሪያ የሚገባው ኬሞው አይደለም፤ ማቅለሽለሽ የሚከላከል መድኃኒት ነው። ሰዎች ስለ ኬሞ የሰሙት ያ ሁሉ ትውከት ዛሬ በእጅጉ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነርሷ ጓንትና ሽርጥ አድርጋ ትመለሳለች። እጇ ላይ ያለው ስሪንጅ እንደ ቪምቶ የቀላ ነው። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ግሉኮሱ እየወረደ እሷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ከክንዱ ሳትነቅል፣ ቀስ እያለች ትገፋዋለች። «እናቴ፣ ካቃጠለሽ ቶሎ ንገሪኝ እሺ?» ይህ ከደግነት ብቻ የሚባል ቃል አይደለም፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ያቆስላል። የኛ ሰው ሕመምን ችሎ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። እዚህ ወንበር ላይ ግን ዝም ማለት አይገባም።

ቀጥሎ ሳይክሎፎስፋሚድ ይንጠለጠላል፤ እሱ ውሃ የመሰለ ነው። ፊኛ እንዳይጎዳ ውሃ አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል። ማታ ሽንቷ ቀልቶ ብታይ ደም አይደለም፤ ያ ቀዩ መድኃኒት እየወጣ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ይህን ቀድሞ ያልነገሯት ሴት በዚያ ሌሊት እንዴት እንደምትደነግጥ መገመት አያስቸግርም።

ሳይክሎፎስፋሚድ የመጣበት ዘር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአርበኞቻችን ላይ ያዘነቡት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጄኔቫ ድረስ ሄደው የከሰሱበት የመርዝ ጋዝ፣ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ጋዙ ቆዳን ከማቃጠሉ ሌላ የሰውን ነጭ የደም ሴሎች እንደሚጨርስ ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ አስተውለው ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ጋዝ የቅርብ ዘመድ ለአንድ የንፍፊት ካንሰር በሽተኛ በደም ሥር እንዲሰጥ አደረጉ። ዕጢው ሟሸሸ፣ በኋላ ግን ተመልሶ አደገ። ኬሞቴራፒ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ሳይክሎፎስፋሚድም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። አያቶቻችንን የፈጀው መርዝ ዘመድ ዛሬ በጠብታ ተለክቶ ለልጅ ልጆቻቸው መድኃኒት ሆኗል። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

መድኃኒቱ ጠላትና ወዳጅ አይለይም። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ያጠቃል፤ ካንሰሩን፣ የፀጉር ሥሩን፣ የአፍ ውስጥ ቆዳውን፣ ደም የሚሠራውን መቅኔ። ፀጉር የሚረግፈው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። በኛ ባህል ሴት ፀጉሯን ስትላጭ «ማን ሞተባት?» ይባላል፤ ስለዚህ ቀድሞ አሳጥሮ ሻሽ ማዘጋጀት፣ ለልጆችም አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ምግብ ቤት ለምታስተዳድረው እህታችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ስትኖርበት የነበረው የሽንኩርት ቁሌትና የቡና ጭስ ለጥቂት ቀናት ሊያጥወለውላት ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሽታ የሌለው ምግብ ይስማማታል። ክትፎና ቁርጥ ይቆዩ፤ ጥሬ ሥጋ በዚህ ጊዜ አደጋ ነው።

አደጋው የሚከፋው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ታች የሚወርዱት ያኔ ነው፤ ሰውነትን የሚጠብቀው ወታደር ያልቃል። 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ወይም ብርክ፣ ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። የወባ ምርመራ ይደረግ፣ ወባም ሊገኝ ይችላል፤ ግን ወባ ተገኘ ተብሎ ሌላ ኢንፌክሽን ሊኖር እንደሚችል አይረሳም፣ የደም ሴል ቆጠራና በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክም ያስፈልጋል። ፓናዶል ከመዋጥ በፊት ትኩሳቱን መለካት ግድ ነው፣ ክኒኑ ትኩሳቱን ደብቆ ያታልላልና።

ስለዚህ እህታችን የምትችል ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እነዚያን ሁለት ሳምንታት አዲስ አበባ፣ ዘመድ ቤት ብትቆይ እመርጣለሁ። ሱቅና ልጆች የሚያስቸኩሏት ከሆነ ደግሞ፣ ከመሄዷ በፊት ጁባ ውስጥ ሌሊት ክፍት የሆነ፣ ደም የሚመረምርና አንቲባዮቲክ በደም ሥር የሚሰጥ ክሊኒክ ስልክ ቁጥር ትያዝ። ቦርሳዋ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር፣ አጠገቡም የመድኃኒቶቹ ስምና የተሰጡበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት። በ21ኛው ቀን ወደዚያው ወንበር ስትመለስ መጀመሪያ የሚጠብቃት ያው የደም ምርመራ ነው።