በደንብ ልብስና በግል ልብስ መካከል፦ ስቶኪንግ በካዛንቺስና በቂርቆስ የሥራ ቦታዎች

የሥራ አለባበስ ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚያገኙት ኮት፣ ሸሚዝና ጫማ ናቸው። ሴቶች ከጉርድ ቀሚስ ጋር የሚለብሱት ስስ ስቶኪንግ እምብዛም ስሙ አይነሣም። ሆኖም ከሥራ ልብሶች ሁሉ ፈጥኖ የሚያልቀውና ተደጋግሞ የሚገዛው እርሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ስቶኪንግ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ፣ ከቢሮና ከመስተንግዶ ሥራ ጋር የተያያዘበትን ታሪካዊ አግባብ፣ የዕቃውን ጠባይ እና ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንጻር የሚያስነሣውን ጥያቄ ያብራራል። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አሠሪ ስቶኪንግ እንዲለበስ ሲያዝ ወጪውን መሸፈን ያለበት ማን ነው?

ቦታውና ልብሱ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከቢሮ ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ የሚለው አጠራር በአዲስ አበባ ነዋሪ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ካልሲ የሚለው ቃልም ምንጩ ጣሊያንኛ ነው። ስቶኪንግ ግን የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለቱ ቃላት ምንጭ መለያየት የውጭ ልብስ ወደ ከተማዪቱ የገባው በአንድ በር ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

ከነጻነት በኋላ አካባቢው የዓለም አቀፍ ተቋማት መናኸሪያ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ። በአርቱሮ መዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት 1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ ተመሠረተ። ሂልተን ሆቴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፈተ። በእነዚህ ዓመታት ጸሐፊነት፣ እንግዳ ተቀባይነትና የሆቴል መስተንግዶ ሴቶች በብዛት የሚሰማሩባቸው የከተማ ሙያዎች እየሆኑ ሲሄዱ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ተረከዛም ጫማና ስቶኪንግ የሙያው መታወቂያ ሆነው ታዩ።

ይህ አለባበስ ያለ ክርክር አልተተከለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪዎች ተቃውሞ ማስነሣቱ ይታወቃል። ያ ክስተት የሴት ልጅ አለባበስ የግል ምርጫ ብቻ ሳይሆን የባህልና የፖለቲካ መከራከሪያ እንደነበረ ያሳያል። በዚያ ክርክር ጎልቶ የተሰማው አለባበሱ የማን ባህል ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። ወጪው የማን ነው የሚለው ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተመረመረም።

የዕቃው ጠባይ

ስቶኪንግ ቀድሞ ከሐር ይሠራ ነበር። ናይለን በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ከተፈለሰፈ በኋላ የናይለን ስቶኪንግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 በመላ አገሪቱ ለገበያ ቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ናይለኑ ለፓራሹትና ለሌሎች የጦር ዕቃዎች ዋለ። እስከ ወገብ የሚደርሰውና ከውስጥ ሱሪ ጋር የተያያዘው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣ በኋላ አጭር ቀሚስ ሲስፋፋ አብሮ ተስፋፋ።

የስቶኪንግ ስስነት የሚለካው «ዴኒየር» በሚባል መለኪያ ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። ስለዚህ በ15 ዴኒየር ስቶኪንግ ውስጥ ያለው ክር ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩ የሚመዝነው 15 ግራም ብቻ ነው። ጨርቁ እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት የተያያዘ በመሆኑ አንድ ቀለበት ሲበጠስ ከላይና ከታች ያሉት ተከታትለው ይፈታሉ፤ በአነጋገር «ተተረተረ» የሚባለው ይህ ነው። የጥፍር ቀለም በጫፉ ላይ መቀባት መተርተሩን ለጊዜው ይገታል እንጂ የተተረተረውን አይመልስም። ናይለን ከጥጥ ያነሰ እርጥበት ስለሚመጥም በሞቃት ቀን ላብ በቆዳና በጨርቅ መካከል ይቀራል።

እነዚህ ጠባዮች ከአዲስ አበባ ኑሮ ጋር ሲገናኙ ትርጉማቸው ይገዝፋል። ከጀሞ፣ ከአያት ወይም ከኮየ ፈጬ ተነሥታ በታክሲ ተጋፍታ ካዛንቺስ የምትደርስ ሠራተኛ የወንበር ጠርዝ፣ የቦርሳ ዚፕና የክረምት ጭቃ ይጠብቋታል። ሁለተኛ ስቶኪንግ በቦርሳ መያዝ ወይም ሥራ ቦታ ደርሶ መልበስ የተለመደ ብልኃት የሆነውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ የወንድ ባልደረባዋ ካልሲ ቢቀደድ ጫማና ሱሪ ይሸፍኑታል። ስስ ስቶኪንግ ግን ሲተረተር ከጉልበት በታች በግልጽ ይታያል፤ ጉድለቱም «ንጽሕናዋን የማትጠብቅ» በሚል በሠራተኛዋ ላይ ይቆጠራል።

ሌላው ጉዳይ ቀለም ነው። የአለባበስ መመሪያ «የቆዳ ቀለም ስቶኪንግ» ሲል የማን ቆዳ እንደሆነ አይናገርም። አማርኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር እያለ መልክን በጥንቃቄ ይለያል። የስቶኪንግ ገበያ ግን ለረጅም ዘመን «የቆዳ ቀለም» ብሎ ሲሸጥ የነበረው የነጣ ቆዳን መልክ ነው። እንዲህ ያለው ስቶኪንግ በጠይም እግር ላይ አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ስቶኪንግ መልበስ እንደ ቀላል መውጫ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው። መመሪያው ጥቁሩን ከከለከለ ግን ሠራተኛዋ የራሷን መልክ የማይመስል «የቆዳ ቀለም» እንድትለብስ ትገደዳለች።

ይህ ማለት ስቶኪንግ ሁልጊዜ ሸክም ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናትና በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ወፍራም ስቶኪንግ ከብርድ ይከላከላል። በሃይማኖት ወይም በልማድ ምክንያት ባቷን መሸፈን ለምትፈልግ ሴትም ምቹ ነው። ልዩነቱ በመምረጥና በመገደድ መካከል ነው።

የሕጉ ክፍተት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስቶኪንግ ግን ከአደጋ የሚከላከል ልብስ አይደለም። ኮትና ጉርድ ቀሚስ በደንብ ልብስነት ከድርጅቱ ሲሰጡ፣ ስቶኪንግ እንደ የግል ልብስ ታይቶ ከዝርዝሩ ሊቀር ይችላል፤ በመመሪያው ውስጥ ግን ግዴታ ሆኖ ይጻፋል። ዕቃው ሲታዘዝ የድርጅቱ፣ ሲገዛ የሠራተኛዋ ይሆናል ማለት ነው።

አዋጁ ደመወዝን ከቅነሳ ይጠብቃል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር አሠሪው ከደመወዝ መቀነስ አይችልም። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አሠሪው የስቶኪንግን ዋጋ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ቢቀንስ ኖሮ ይህ ጥበቃ ይነሣ ነበር። ሠራተኛዋ በትእዛዝ ከቦርሳዋ ስትገዛ ግን በሰነዱ ላይ የሚታይ ቅነሳ የለም። ውጤቱ ያው ሆኖ፣ እጇ ላይ የሚቀረው ገንዘብ እያነሰ፣ ጥበቃው ሳይነካው ያልፋል። ወጪው በሴቶች ላይ ብቻ የሚወድቅ በመሆኑም ሴቶች በጾታቸው ምክንያት በቅጥርና በክፍያ አድልዎ እንዳይደረግባቸው ከሚከለክለው አንቀጽ 87 መንፈስ ጋር መጋጨቱ ሊጤን ይገባዋል።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ አገርም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በለንደን አንዲት እንግዳ ተቀባይ ተረከዛም ጫማ ባለማድረጓ ከሥራ ቦታ ተመለሰች። ጉዳዩ ከ150,000 በላይ ፊርማ የሰበሰበ አቤቱታ ሆኖ ፓርላማ ደረሰ፤ የፓርላማው ኮሚቴዎችም በጥር 2017 ሪፖርት አወጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥቃቅን የሚመስል የአለባበስ ግዴታ በመብት ዓይን ሊመረመር እንደሚችል ነው።

ማጠቃለያ

መፍትሔው አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ አይደለም። የኅብረት ስምምነትና የሥራ ደንብ ጉዳዩን በአንድ አንቀጽ ሊዘጉት ይችላሉ፦ ስቶኪንግ ግዴታ ከሆነ ከኮቱና ከቀሚሱ ጋር በደንብ ልብስ ዝርዝር ይግባ፤ ቶሎ የሚያልቅ በመሆኑ በዓመት የሚሰጠው ብዛት ይወሰን፤ የቀለሙ ምርጫም ለሠራተኛዋ ይተው። ግዴታ ካልሆነ ደግሞ ሱሪ፣ ረጅም ቀሚስ ወይም ባዶ እግር ከሥራ ምዘና ውጭ ይሁን። በካዛንቺስ ሆቴሎችና ቢሮዎች ያሉ የአለባበስ መመሪያዎችን ሰብስቦ፣ ግዴታውን ከአቅርቦቱ ጋር እያነጻጸረ የሚመረምር ጥናት ለሥርዓተ ጾታና ለሥራ ሕግ ተመራማሪዎች ክፍት ሆኖ ይጠብቃል።