የኮሌጅ ስፖርተኞች የአካል ጉዳትና የመምህሩ ድርሻ

አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከ40 ቀናት ገደማ በኋላ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ የደረሰበት ግን እምብዛም አይነሣም። የእግሩ አጥንት ጉዳት ሳይሽር ተሰልፎ፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለማቋረጥ ተገደደ፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደ። የመጀመሪያው ታሪክ ብቻ ሲነገር ተማሪው የሚይዘው ትምህርት ሕመምን ችሎ መሮጥ ጀግንነት መሆኑን ነው። ለኮሌጅ ስፖርተኛ ግን ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ለተሐድሶና ለሥልጠና ነበር። ዛሬ ብዙ ዐይነት ሕክምና የሚሰጥበት ቢሆንም፣ የተመሠረተበት ሙያ ስለ ስፖርተኛ እግር የሚያስተምረው ነገር አለ። የሥጋ ደዌ የእጅና የእግር ነርቮችን ስለሚጎዳ ሕመምተኛው የሕመም ስሜቱን ያጣል። እግሩ የሚቆስለውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ትልቅ አደጋ ሳይሆን፣ በየእርምጃው በአንድ ቦታ ላይ በሚደጋገም መጠነኛ ጫና ነው። ይህንንም በሕንድ አገር በሥጋ ደዌ ሕሙማን መካከል ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በጥናት አሳይቷል። ጤነኛ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ እግሩን አንድ ቦታ ላይ ሲለበልበው ሳያውቀው አረጋገጡን ይለውጣል፤ ሕመም የማይሰማው ግን ቆዳው እስኪቀደድ ድረስ በዚያው ይረግጣል። ሕመሙን በማስታገሻ ክኒን ወይም በመርፌ አፍኖ የሚሮጥ ተማሪ ወደዚሁ ሁኔታ በገዛ ፈቃዱ ይገባል።

በቆዳ ላይ የሚሆነው በአጥንትም ላይ ይሆናል። አጥንት ጫና ሲበዛበት ያረጀውን ክፍል አፍርሶ በአዲስ ይተካል፤ ይሁን እንጂ ማፍረሱ ሳምንታት ሲፈጅ መልሶ መገንባቱ ወራት ይወስዳል። ልምምዱ በድንገት የጨመረበት ተማሪ እንግዲህ ገና በጥገና ላይ ባለ አጥንት ይሮጣል ማለት ነው። ይህን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1855 የፕሩሲያው ጦር ሐኪም ብራይትሃውፕት በረጅም ጉዞ እግራቸው ባበጠ ወታደሮች ላይ ሲገልጸው ራጅ ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ስለዚህ ራጁ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ሜዳ የተመለሰ ተማሪ ድኗል ለማለት አይቻልም።

በገጠር በለስላሳ አፈር ላይ ሲሮጥ ያደገ ወጣት ኮሌጅ ገብቶ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሶሉ ባለቀ ጫማ፣ የቀድሞ ልምምዱን እጥፍ ሊሮጥ ይችላል። የጉዳቱን መነሻ ለመጠርጠር የሐኪም መሣሪያ አያስፈልግም። በቅልጥም ላይ በሰፊው የተሰራጨና ሰውነት ሲሟሟቅ የሚቀል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ልምምድን በመቀነስ ይታገሣል። ተማሪው በአንድ ጣቱ ነጥሎ የሚያሳየው፣ በሩጫ የሚብስ፣ በአንድ እግር ሲዘል የሚወጋው፣ ኋላም ሌሊት የማይበርድ ከሆነ ግን ሩጫው በዚያው ዕለት ቆሞ ወደ ሐኪም ሊላክ ይገባል። አስቸጋሪው ነገር ምልክቱን መለየት ሳይሆን ተማሪው የሚደብቀው መሆኑ ነው፤ ከቡድን እቀነሳለሁ ብሎ ይፈራልና። መምህሩ ጥያቄውን በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ቢያቀርብለት፣ እውነቱን የተናገረም ቦታው እንደሚጠበቅለት አስቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

የአጥንት ጥገና ምግብ ይፈልጋል። ማታ ከልምምድ ሲመለስ የመመገቢያ አዳራሹ ተዘግቶ የሚያገኝ ተማሪ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ ጠዋት ከባድ ሩጫ የሚሮጥም እንዲሁ፣ ያፈረሰውን የሚተካበት አቅም ያንሰዋል። ጾሙን መንካት አያስፈልግም፤ ከባዱን ልምምድ ወደ ማዕዱ ሰዓት ማስጠጋት ይቻላል። በሴት ሯጮች የወር አበባ ለወራት መቋረጡ የጥሩ ልምምድ ውጤት ሳይሆን የምግብ ማነስና የአጥንት መሳሳት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሴት መምህርት ወይም ነርስ ብትጠይቅ ይመረጣል።

ስለ ድንገተኛ ጉዳት ጥቂት ማለት ይበቃል። የእግር ኳስ ቡድኖች የሜዳ ረዳታቸውን «ወጌሻ» ይሉታል፤ ስሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወለምታን ወዲያው አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል፣ ከልክ በላይ አጥብቆ ማሰርም ደም ያግዳል። ለዘብ ያለ ማሰሪያና እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይሻላል። በረዶ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ፈውሱን አያፋጥንም። አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ራጅ ይነሣ።

የዕቅድ ባለሙያዎች ለመለያና ለዋንጫ ገንዘብ ሲመድቡ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ግማሽ ቀን ወደ ኮሌጁ የሚመጣበትን ወጪም አብረው ሊይዙ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ደብተር መጀመር ይቻላል፦ የተማሪው ስም፣ በሳምንቱ የሮጠው ኪሎ ሜትር፣ ጫማው የተለወጠበት ቀን፣ የሚያመው ቦታ፣ ወደ ልምምድ እንዲመለስ የፈቀደው ሰው ፊርማ። ደብተሩ በኮሌጁ ክሊኒክ ይቀመጥ፤ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አብሮ እንዳይሄድ።